ለጠራ ውኃ የሚሞተው ማነው?

«ለሚመጣው ትውልድ ሲባል የዛሬው ይሰዋ» የሚለው አነጋገር ለአገራችን ሰው ጆሮ እንግዳ አይደለም። ለመሆኑ አባባሉ ሁልጊዜ ልክ ነው ወይ? እስቲ ጥያቄውን ከአደባባይ አውርደን በአንዲት የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየም በሚሏት የዓሣ ማኖሪያ ውስጥ እንመርምረው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

የአዲስ አኳሪየም ውኃ ኩልል ያለ ነው፤ ዓይን አይቶ «ጤነኛ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ውኃ ግን እያሳሳቀ ይወስዳል። ዓሣ ሲገባበት ከሚተነፍስበት ስንጥብ፣ ከዓይነ ምድሩና ከምግቡ ትራፊ አሞኒያ የሚባል ቀለም የለሽ መርዝ ይጠራቀማል። ይህን መርዝ የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሥራቸው በሁለት ወገን የተከፈለ መሆኑን ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ አፈርን ሲመረምር አሳይቷል። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ይኸም ራሱ መርዝ ነው፣ የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል፤ እሱን ደግሞ ውኃውን በከፊል እየቀየሩ ይቀንሱታል። ባክቴሪያዎቹ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ተደላድለው እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው እንዲራባ አሞኒያ ያስፈልገዋል፤ አሞኒያውን የሚያመጣው ዓሣ ነው፤ ዓሣውን ደግሞ አሞኒያው ይገድለዋል። ስለዚህ የቀድሞው ልማድ «በመጀመሪያ ርካሽና ጠንካራ ዓሣዎች ይግቡ፤ ከሞቱም ይሙቱ፤ ውዶቹ በኋላ ይደርሳሉ» የሚል ነበር።

ታዲያ እነዚያን «ርካሽ» ያላቸው ማነው? ገበያ ነው። ሕመማቸውን ግን ገበያ አልመዘነውም። ደግሞም ማንም አልጠየቃቸውም እኮ! ራሱን የሚሰዋና ሌላው የሚሰዋው አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ጀግና ይባላል፣ ሁለተኛው የሌላ ሰው መሣሪያ ሆኖ ይቀራል።

«ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ሂደቱ አይዘለልም። ዳሩ ግን ሂደቱ የጠየቀው አሞኒያ ነው፤ ሞት መች ጠየቀ? ዓሣ በሌለበት ገንዳ ጥቂት ጠብታ አሞኒያ ወይም የዓሣ ምግብ ቢጨመር ባክቴሪያው ይራባል። ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ገንዳ የማጣሪያ ስፖንጅ ቢዛወር ጊዜው ያጥራል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ አስቀድሞ ይወገድ፤ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም አይምርም። የተጨመረው አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ አልቆ፣ በምርመራ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑ፣ ያኔ ዓሣ ይግባ፤ እሱም ጥቂት በጥቂት።

እንግዲህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት ነው። «የግድ ነው» የተባለው ሞት የጥድፊያ ሞት ነበር ማለት ነው።

ከዓሣ ወደ ሰው በአንድ ጊዜ መዝለል እንደማይገባ አውቃለሁ። ኅብረተሰብ ባዶ ገንዳ አይደለም፤ ውኃው እስኪበስል ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ትውልድ የለም፤ ሁላችንም ውስጡ ነን። ይህ ግን ጥያቄውን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም። ማንም ሰው የሌላውን ሕይወት ለነገ ሲል ከመጠየቁ በፊት ይህን ይመልስ፦ መሥዋዕቱን የሚጠይቀው ለውጡ ነው ወይስ የኔ ችኮላ?