መስኮቱና መምህሩ

በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን አማካይነት በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ዓላማው በጎ ነበር፤ የከተማውና የገጠሩ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራን በምስል ማሳየትም ቀላል ውለታ አይደለም። ይሁንና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ መስኮቱ አያየውም ነበር፤ ስርጭቱ ከማዕከል ይመጣ ስለነበርም መምህሩ ሊያቆመው አይችልም ነበር።

ለመሆኑ ማስተማር ማሳየት ብቻ ነውን? በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ እናት ሙያዋን ለልጇ ስታወርስ፣ ልጅ የእናቷን እጅ ታያለች፤ እናትም የልጇን እጅ ታያለች። የጀበናው አንገት ቢያዘነብል ጭቃው ሳይደርቅ ታቃናዋለች። እሳት ከገባ በኋላ እርማት የለም።

ተማሪም እንዲሁ ነው። አንድን ትምህርት ለሁሉም ማድረስ እኩልነት ነው፤ ያልገባውን ለይቶ ማቃናት ግን የመምህርነት አደራ ነው። መሣሪያው ለመምህሩ አጋዥ ሲሆን ይባረካል፤ የመምህሩን ዓይን ሲተካ ግን አደራው ባለቤት ያጣል። ስለዚህ ማናቸውም የድምፅና የምስል መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ፣ «ማቆሚያው በማን እጅ ነው?» ተብሎ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።