ሐያእ ሲባል የተደበቀ እብጠት

 

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። «ኡስታዝ፣ እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ወንድ ሐኪም ያየኛል ብላ ሕክምና አልሄድም አለች። ምን ላድርግ?» አለኝ። ዱዓ እንዲያደርግና እንዲታገስ ነግሬው ተለያየን። ከወራት በኋላ ሆስፒታል ስትደርስ ሕመሙ ተሰራጭቶ ነበር። አላህ ይዘንላት። ዱዓው ልክ ነበር፤ «ዛሬውኑ ውሰዳት» አለማለቴ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ለመሆኑ ሐያእ እንዲህ ያዛል? ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። የሚከለክለን ግን ከወንጀል እንጂ ከሕክምና አይደለም። ሶሓቢይቷ ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እየዘመቱ ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑለማዎችም ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ እንደምትቀድም፣ ካልተገኘች ግን ወንድ ሐኪም ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል ማየት እንደሚችል አስረድተዋል። ቁርኣን ስለ ማጥባት በግልጽ ይናገራል። ታዲያ እኛ ጠብተን ያደግንበት ጡት ሲታመም ስሙን ለመጥራት ለምን እናፍራለን?

«አላህ የጻፈው አይቀርም» የሚልም አለ። እውነት ነው። ነገር ግን ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ይሸሻሉ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ የሚሸሹት ወደዚያው ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ተናገሩ። ሕመሙ ቀደር ከሆነ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም ቀደር ነው። ተወኩል ሰበብን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ተይዘዋል፤ 670 ሺህ ያህሉም ሞተዋል። ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስለማያም ያዘናጋል። በጡት ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት ከታየ ቀን አይሰጠውም። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። በጊዜው ከተደረሰበት የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። በከተማችንም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል።

ወንድሜ፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለህ አትለፈው። በጣም ጥቂት ቢሆንም ወንድንም ይይዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙ እናቶች የሚደብቁት ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅና ወጪውን ፈርተው ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን፣ እህታችሁን፣ ባለቤታችሁን በእርጋታ ጠይቁ። አንተ ለመጠየቅ ከከበደህ በእህትህ ወይም በአክስትህ በኩል አስጠይቅ። አካላችን የአላህ አማና ነው፤ የእናትህም ጤና ባንተ ላይ ሐቅ አለው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድላቸው፤ ለሞቱት ይዘንላቸው። አሚን።