ከዛፍ ስለ መውደቅ

የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሲነገር ከዜማው አስቀድሞ የሚነሣው የትሉ ነገር ነው። ያሬድ በአክሱም ከመምህሩ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ቢል፣ ቅጣቱንም ፈርቶ ቢኰበልል፣ ማይኪራህ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ሊበላ ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ ተመለከተ፤ ይህ ታናሽ ፍጥረት ያልሸሸውን ድካም እኔ ስለ ምን ሸሸሁት ብሎም ወደ መምህሩ ተመለሰ ይባላል። ይህ በ6ኛው መቶ ዓመት የሆነ ነው። ትውፊቱ የያሬድን የመጨረሻ ዘመን ወደ ስሜንና ወደ ጠለምት ስለሚያደርሰው፣ በአዲ አርቃይም ሆነ በደባርቅና በዳባት ያለ መምህር ታሪኩን እንደ አገሩ ገንዘብ አድርጎ ለተማሪው ቢነግረው የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ዘወትር የሚወጣው ትምህርት ትዕግሥት ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ያሬድ ከትሉ የተማረው ለፊደልና ለንባብ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በትምህርት የወደቀ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ተነሥቶ ይቀመጣል፤ አጥንቱ አልተሰበረምና። ይህንኑ ምሳሌ ወስዶ ከእውነተኛው ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው የሚሰብክ ግን ምሳሌውን ከቦታው ያወጣዋል።

ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ ያልሞተው ታናሽ ስለ ሆነ ነው። የአንድ ፍጥረት ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ዐሥር እጥፍ ቢያድግ፣ አየር የሚያግደው ገላው መቶ እጥፍ ብቻ ሲሆን፣ ክብደቱ ግን ሺህ እጥፍ ይሆናል። ሆልዴን የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1926 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አስረድቷል፤ አይጥ ከጥልቅ የማዕድን ጕድጓድ ብትወድቅ ጥቂት ደንግጣ ትሄዳለች፣ ሰው ግን ይሰባበራል። ሂሳቡን ወደ ራሳችን እናምጣው። ከ5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው ምድር የሚደርሰው በ1 ሰከንድ ነው፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ10 ሜትር ከሆነ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ የመኪና ፍጥነት ነው፤ ፍሬን ብቻ የለውም። ስለዚህ ለሰው ልጅ ሰባተኛው ሙከራ ቀርቶ ሁለተኛውም በተስፋ የሚጠበቅ አይደለም።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ መንገደኛ፣ ብርዱን ከኋላው ትቶ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ሲደርስ፣ ሰው ከዛፍ ጋር ያለውን ጕዳይ ለመረዳት ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ቀፎ ለመስቀል ይወጣል፤ በበጋ ለከብቱ ቅጠል ለመመልመል ይወጣል፤ ቤት ለሚሠራ ሰው የባሕር ዛፍ ጫፍ ለመቍረጥ ይወጣል። ለደስታው የሚወጣ ልጅ ብቻ ነው፤ ዐዋቂው የሚወጣው ለእንጀራው ነው። ከሁሉም የሚያስፈራው የማሩ ሥራ ይመስለኛል። ማር የሚቈረጠው ንቡ በሚበርድበት በጨለማ ስለ ሆነ፣ ቈራጩ አንድ እጁን ለጢሱ፣ አንድ እጁን ለማሩ ሲሰጥ ለራሱ የሚተርፈው እጅ የለም።

እንግዲህ ይህ ሰው ወድቆ፣ ወራት ተኝቶ፣ በመጨረሻም ዳነ እንበል። ጠያቂ ጎረቤት ቤቱን ሞልቶ ሲቀመጥ ሁለት ዓይነት ነገር ይሰማል። አንደኛው ‹‹ቀኑ ስላልደረሰ ተረፈ›› የሚለው ነው። ፈጣሪን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ምስጋናው ግን ቅርንጫፉ ደረቅ እንደ ነበረ ከመመርመር የሚከለክለን ምን ምክንያት አለ? ሁለተኛው ‹‹የራሱ ጥፋት ነው፣ ደፋር ነበረ›› የሚለው ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱ ንግግሮች የማይመሳሰሉ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ምርመራውን ይዘጋሉ። አንዱ ነገሩን ከሰው አቅም በላይ ያደርገዋል፣ ሌላው በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ያሳርፈዋል። ስንት ሰዓት ላይ ወጣ? ገመድ ነበረው? በጾም ደክሞ ነበር? ከታች ሆኖ ‹‹ቶሎ በል›› ይል የነበረው ማን ነው? ሳይወድቅ ለጥቂት የተረፈባቸው ቀናት ነበሩ? የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሡ ቡናው ያልቃል።

‹‹ሞኝ በራሱ፣ ብልህ በሌላው ይማራል›› የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቃለን፤ ብልህ ለመባልም እንወድዳለን። ሆኖም ብልሁ የተማረበትን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? አስተማሪ ሳይሆን አስተማሪ ያደረግነው፣ ጀርባው የታመመው ሰው ነው። ከእርሱ መማር ብቻ በቂ ነውን? ወይስ የምንከፍለው ዕዳ አለብን?

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እዚያው በያሬድ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ከትሉ ይልቅ ብዙ የማይታሰብበት መሆኑ ይገርመኛል። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳሉ የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ዜማው እስኪፈጸምም አላወቁም። ንጉሡ ባወቀ ጊዜ እግርህን ስለ ምን ከዚያ አኖርህ አላለውም፤ ደንግጦ ስለ ፈሰሰው ደሙ የሚፈልገውን እንዲጠይቅ ነገረው። ያሬድም ለምናኔ እንዲያሰናብተው ጠየቀ፤ ንጉሡ እያዘነ ፈቀደለት፣ እርሱም ወደ ስሜን ሄደ። ጥፋቱ ሆነ ተብሎ የተደረገ አልነበረም፤ ካሣው ግን ቀረበ። የዛሬው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው። ለአንድ ቀንና ለአንድ ዛፍ በቃል የተዋዋለው ሰው ግን መብቱን የሚጠይቅበት ወረቀት በእጁ የለም። ስለዚህ አዋጁ በማይደርስበት ቦታ የሚደርሰው የአስወጪው ኅሊና ብቻ ነው።

ዕዳው የሚጀምረው ገና ሰውየው ከምድር ሳይነሣ ነው። ብዙዎች በርኅራኄ ተሯሩጠው ብብቱን ይዘው ያስቀምጡታል፣ ውኃም ያጠጡታል። አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ ግን ያ ማንሣት እግሩን ለዘለዓለም ሊያሳጣው ይችላል። ራሱንና አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ፣ በሳንቃ ወይም በጠንካራ ቃሬዛ ላይ አጋድመው ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ወጌሻንም ለማቃለል አይደለም፤ የእጃቸው ጥበብ የታወቀ አለ። ነገር ግን እጅግ የጠበቀ ማሰሪያ ደም አግዶ ሥጋን ያበሰብሳል፣ ተሰብሮ ሊድን የሚችል እጅም በዚህ ምክንያት የተቈረጠበት ብዙ ነው። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቈረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር መላላት አለበት።

ከዳነስ በኋላ? ዳግመኛ ይወጣልን? አትውጣ ማለት ለደመወዝተኛ ቀላል ነው። የእርሱ ቤት ግን ከማሩ የሚገኘውን ገንዘብ ይጠብቃል። በደብረ ዳሞ ገደል የሚወጣ እንግዳ፣ በእጁ ከሚይዘው የጠፍር ገመድ ሌላ፣ በወገቡ የሚታሰር ሁለተኛ ገመድ ይሰጠዋል፤ ጫፉንም ከላይ ያለ ሰው ይይዝለታል። የእንግዳው ጕልበት ስለ ተናቀ አይደለም፤ እጅ እንደሚደክም ስለ ታወቀ ነው። ለማር ቈራጭም እንዲሁ ወገቡንና ግንዱን የሚያያይዝ ገመድ፣ ከታችም ነቅቶ የሚጠብቅ አንድ ሰው ቢደረግለት ወጪው ብዙ አይሆንም። ከዚህም የተሻለው ቀፎውን ማውረድ ነው። የሣጥን ቀፎ ከጓሮ በመደብ ላይ ተቀምጦ ሰው በእግሩ ቆሞ የሚቈርጠው ነው። የዛፍ ማር ይበልጥ ይጣፍጣል የሚሉ አሉ፤ አብዛኞቹም ከታች ቆመው የሚቀበሉት ናቸው።