ማንም በማያይበት ቦታ



የሰው ማንነት የሚታወቀው ሰዎች ሲያዩት ነው ወይስ ማንም ሳያየው? ሁላችንም “ማንም ሳያየው ነው” እንላለን። ለመሆኑ ማንም በማያየን ቦታ ራሳችንን መርምረን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ ይዘን እስቲ ወደ ሶፍ ኡመር ዋሻ እንጓዝ።

ዋሻው በባሌ፣ ከሮቤ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከጎሮ ወረድ ብሎ በቆላው ምድር ይገኛል። ስያሜው የመጣው እዚያ ተጠልለው አላህን ይገዙ እንደነበር ከሚነገርላቸው ከሸኽ ሶፍ ኡመር ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ እዚህ ሲደርስ በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር ገብቶ ይሰወራል፤ ወዲያ ማዶም ብቅ ይላል። የውስጥ መተላለፊያዎቹ አንድ ላይ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ይኸው ነው።

በድጋፍ እንጨት የቆመ የሚመስለው ያ ሰፊ አዳራሽ የሰው እጅ አልነካውም። ውኃ በድንጋዩ ስንጥቆች እየገባ፣ ኖራውን እያሟሟና እየቦረቦረ፣ ያልበላውን ምሰሶ አድርጎ ትቶታል። ይህ ሥራ ስንት ሺህ ዘመናት እንደፈጀ ስታስቡ ሱብሓነላህ ከማለት በቀር ምን ቃል ይገኛል?

ወደ ውስጥ ዘልቃችሁ ባትሪያችሁን ብታጠፉ የገዛ እጃችሁን አታዩም። መሪያችሁ ወደፊት ቀድሟል እንበል። አጠገባችሁ ያማረ ድንጋይ አለ። ሰብሮ ለማስታወሻ መውሰድ ወይም ስምን በምሰሶው ላይ መጫር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ነፍስም ትናገራለች፦ “ድንጋይ አይታመምም፤ ባለቤትም የለው፤ ማን ተበደለ?”

የተበደለ ግን አለ። ከእኛ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ተበድሏል። “ግቡና እዩ” ብሎ በሩን የከፈተልን ያገሩ ሰው ተበድሏል፤ ያስገባን አምኖን ነውና አማናውን በልተናል። ከሁሉ ይበልጥ የተበደለችው ደግሞ የገዛ ነፍሳችን ናት፤ በጨለማ አንድ ነገር፣ በብርሃን ሌላ ነገር መሆንን ተምራለችና።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ “አላህ ያየኛል ብሎ ከጥፋት የታቀበ ሰው፣ ዘበኛ አይቶ ከሸሸ ሌባ በምን ይሻላል? ሁለቱንም ያቆማቸው መታየት አይደለምን?” ጥያቄው ቀላል አይደለም።

መልሱን ከሌላ ዋሻ እናገኘዋለን። በሂጅራው ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከአቡበክር (ረ.ዐ.) ጋር በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ተሸሸጉ። አሳዳጆች ደጃፉ ድረስ ደረሱ። ወደ እግራቸው ዝቅ ብለው ቢመለከቱ ያገኙናል ብለው አቡበክር ሲሰጉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስተኛቸው አላህ መሆኑን አስታውሰው አጽናኗቸው። ልብ በሉ! በዚያ ሰዓት የሰው ዓይን ማስፈራሪያ፣ የአላህ ማየት ግን መጽናኛ ነበር። ሌባው ዘበኛው ዞር እንዲልለት ይመኛል፤ ሙእሚን ግን አላህ ለቅጽበት እንኳ እንዲተወው አይመኝም። ጥፋትን ሲያስብ የሚያስደነግጠው ያው መታየት፣ ሲጨነቅ ተስፋው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኢሕሳንን ሲያስረዱም አላህን እንደምናየው ሆነን መገዛትን አስቀደሙ፤ እኛ ባናየው እርሱ እንደሚያየን ቀጥለው ነገሩን። ዘበኛን መፍራት ወደዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ከቶ አያደርስም።

ውድ ወላጆች፣ ለጨለማው ባሌ ድረስ መሄድ አያሻንም። ሚዛን ላይ እጃችን ሲያርፍ፣ ልጃችን በሌሊት ሞባይሉን ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ፣ እነሆ ዋሻ! በየዋሻው ደጃፍ ዘበኛ ማቆም አንችልም። ልጆቻችንን “አላህ ያይሃል” እያልን ማስፈራራት ብቻ ከሆነ ሥራችን፣ እርሱንም እንደ ዘበኛ ይቆጥሩትና ጀርባ ሲሰጥ ይጠብቃሉ። በፍርሃታቸው ጊዜም “አይዞህ፣ አላህ ያይሃል” እንበላቸው። ያን ጊዜ ያው ቃል በጨለማ ውስጥ መብራት ይሆናቸዋል።

አላህ ስውራችንን ከግልጻችን የተሻለ ያድርግልን። አሚን።