መልአኩ ዮሴፍን ለምን ቀሰቀሰው

የልጅ ልጅ ሊመጣ ነው ሲባል በአያት ቤት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤቱ ይጠረጋል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዶሮ ይገዛል፣ ቡና ይለቀማል። ዝግጅቱ ግን በሙሉ ለትልልቆቹ ነው። ድግሱ የተነሣለት እንግዳ ገና የዘጠኝ ወር ልጅ ነው፤ ዶሮውን አይበላም፣ ቡናውን አይጠጣም፣ ወንበር ቢለቀቅለትም አይቀመጥበትም። የሚውለው መሬት ላይ እየዳኸ ነው። በእሱ ዓይን ቤቱ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጉልበታችን ድረስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንደጃው፣ ረከቦቱ፣ የሶኬቱ ቀዳዳ፣ አልጋ ሥር የተገፋው የአይጥ መርዝና የውሃው ባልዲ አሉ። ይህን ለአያት የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ልጅን የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። መልሱ የግዴለሽ መልስ አይደለም። ብዙ ወልደው፣ ከፊሉን ቀብረው፣ የተረፈውን በጸሎት ያሳደጉ ሰዎች ከልባቸው የሚናገሩት ነው፤ ስለዚህም በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። በፈጣሪ ጠባቂነት የሚያምን ሰው በረኪናውን ከፍ ካለ ቦታ ሲያኖር እምነቱን እያጎደለ ነው ወይስ እየፈጸመ? እኔ እየፈጸመ ነው እላለሁ፤ ለዚህም ከራሱ ከእምነቱ ውጭ ምስክር መፈለግ አያሻም።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች፤ በማግስቱ ኅዳር 6 ቁስቋም ይውላል። ስደቱን ስናስብ አብዛኛውን ጊዜ ልባችን የሚሄደው ወደ በረሃው፣ ወደ ረኃቡና ወደ ጥማቱ ነው። ከመንገዱ በፊት የሆነውን ግን ቸኩለን እናልፈዋለን። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ባሰበ ጊዜ መልአክ ተልኳል። ማቴዎስ እንደጻፈው ያ መልአክ የሄሮድስን ወታደሮች አልበተነም፤ በቤቱ ዙሪያም የእሳት አጥር አላቆመም። በሕልም ለዮሴፍ ታየውና ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንዲሸሽ ነገረው፤ ዮሴፍም በዚያው ሌሊት ተነሣ። በትውፊታችን ዮሴፍ አረጋዊ ነው፤ ሥዕሎቹም ሽበት የወረሰው ሽማግሌ አድርገው ያሳዩናል። እንግዲህ ሰማይ ምድርን የፈጠረ አምላክ ሕፃን ሆኖ ሲመጣ እንኳን የተጠበቀው አንድ አዛውንት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ነው። መልአኩ ሥራውን ራሱ ሊፈጽመው ይችል ነበር። ለሰው እጅ የተወው፣ የሰው እጅም የጥበቃው አካል ስለሆነ ነው ብዬ እረዳለሁ። ዮሴፍ «የላከህ ይጠብቀው» ብሎ ቢገላበጥና ቢተኛ ኖሮ እምነቱን አናደንቅለትም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ቅዱሳኖቻችን ከአውሬ ጋር ኖረዋል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር መኖራቸውን ገድላቸው ይነግረናል። እግዚአብሔር ያንን ያደረገ ከሆነ አንድ ማንደጃ ምን ያስፈራል? ልዩነቱ በማንደጃና በአንበሳ መካከል አይደለም። ጻድቁ ወደ በረሃ የወሰዱት የራሳቸውን ሕይወት ነው፤ የጎረቤት ሕፃን አቅፈው ከአንበሳ መንጋ መካከል አልገቡም። በራስ ሕይወት መታመን ትልቅ ነገር ነው፤ ገና አፉን ባልፈታ ሕፃን ሕይወት ግን ማን ይታመናል? በወንጌል ሰይጣን ጌታን ወደ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ የጠቀሰለት በግዕዙ ዳዊት 90ኛው መዝሙር ላይ ያለውን የመላእክት ጥበቃ ተስፋ ነበር። ተስፋው እውነት ነው፤ ሐሰተኛ የሆነው አጠቃቀሙ ነው፤ ጌታም እግዚአብሔርን መፈተን ነው ብሎ መለሰው። «እኔ ልጁን አልወረወርኩትም፤ ማንደጃውን ከነበረበት አላነሣሁም እንጂ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የሚድህ ልጅ ራሱን የሚወረውር ፍጥረት ነው። ማመዛዘን የሚችለው ትልቁ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ትልቁ ሰው ዝም ሲል ለልጁ ወስኖለታል ማለት ነው።

የኦሪት ሕግ ይህን ነገር ከስሜት አውጥቶ ከግንበኛ ሥራ ውስጥ አስገብቶታል። ዘዳግም 22 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ሕጉ የተሰጠው በእሳት ዓምድ ለተመራ፣ መና ከሰማይ ለወረደለት ሕዝብ ነው፤ ከእነሱ ይልቅ በተአምር መታመን የሚችል ማን ነበር? በታልሙድ ደግሞ የአይሁድ ሊቃውንት «ዕድሉ ከሆነስ?» የሚለውን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጥመውታል። የሚወድቀው ሰው መውደቁ ከጥንት የተቆረጠበት ቢሆን እንኳን በአንተ እጅ አይሁን፤ ክፉ ነገር የሚመጣው በበደለኛ በኩል ነውና ይላሉ። ይህ መልስ በጣም ይገርመኛል። ዕጣ ፈንታን ሳይክድ የቤቱን ባለቤት ከኃላፊነት አያወጣውም። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ለጠየቀው ሰው መጀመሪያ እንዲያስረው መንገራቸውን የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግቦታል፤ በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜም ሰው ሲተኛ እሳቱን እንዲያጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ ይገኛል። የማንደጃው ነገር እንግዲህ ከተወኩል፣ ማለትም በአላህ ከመመካት፣ ውጭ አይደለም። የሰገነቱ ሕግም አላረጀም። በኒው ዮርክ ከተማ ልጆች ከፎቅ መስኮት እየወደቁ ሲሞቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለቤተሰቦች የመስኮት መከታ ማደል ተጀመረ፤ በ1976 ደግሞ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት አፓርታማ መከታ ማስገጠም በሕግ ግዴታ ሆነ፤ የሚወድቁትም ልጆች በእጅጉ ቀነሱ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አያቶች በረንዳቸውን ሲመለከቱ ዘዳግም 22ን ከቤታቸው ደጃፍ ያገኙታል። የብረቱ ክፍተት የልጅ ጭንቅላት ያሳልፋል ወይ? ከአጠገቡ የተቀመጠው ወንበር መወጣጫ አይሆንም ወይ?

«ድንገተኛ» የምንለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። አንድ ታዋቂ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2001 «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን አባባል ከገጾቹ ለማስወጣት ወስኗል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጉዳት አስቀድሞ የሚታወቅና ሊቀር የሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሪፖርት በየቀኑ ከ2,000 በላይ ልጆች ባልታሰበ ጉዳት እንደሚሞቱ፣ የታወቁት መከላከያዎች በየቦታው ቢሠራባቸው ቢያንስ 1,000ው በየቀኑ ሊተርፉ እንደሚችሉ ጽፈዋል። የአያት ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ለዓመታት ትልቅ ሰው ብቻ ስለኖረበት ሁሉም ነገር ለትልቅ ሰው እጅ እንዲመች ሆኖ ተቀምጧል። የስኳርና የደም ግፊት ክኒኑ እንዳይረሳ ከትራስ አጠገብ ነው፣ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ከመቀነት ጫፍ ታስሯል። ለስኳር የሚሰጠው ግሊቤንክላማይድ አንድ ፍሬው እንኳን የሕፃንን ስኳር አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ የመድኃኒት ዕቃ ልጅ በማይከፍተው ክዳን እንዲዘጋ ተደርጓል፤ ክዳኑ ግን ለደከመ የሽማግሌ እጅም ስለሚያስቸግር አያቶች ቀላሉን እንዲሰጧቸው መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ እዚያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤትም ቢሆን ክኒኑ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አያት ዘንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ባዶው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በብዙ ቤት ጠበሉ በሃይላንድ ነው፤ በረኪናውም በሃይላንድ ነው፤ ላምባውም፣ አረቄውም እንዲሁ። ባለቤቷ በቦታው፣ በጠረኑና በክዳኑ ቀለም ትለየዋለች። ሕፃኑ የሚያውቀው ጠርሙስ ማለት የሚጠጣ ነገር እንደሆነ ነው፤ ይህንንም ያስተማርነው እኛ ነን። ላምባ የጠጣ ልጅ ላይ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሳንባው ላይ ነው፤ በጣት ጉሮሮውን ነክቶ ማስመለስ፣ በደግነት የሚደረግ ቢሆንም፣ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ባልዲውም እንደዚሁ ዝም ያለ ጠላት ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ ወደ ባልዲ ካጎነበሰ ተመልሶ መቃናት አይችልም፣ ጥቂት ጣት ጥልቀት ያለው ውሃም ይበቃዋል፤ ሲሰምጥ አይጮኽም። የሰዓትና የሪሞት ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ማቃጠል ይጀምራል። ከሰል ደግሞ ሕፃን ከሚተኛበት ዝግ ክፍል ሲገባ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዙ አይጠፋም። እነዚህን ለማራቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ለጥቂት ደቂቃ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በልጁ ቁመት ማየትን ይጠይቃል። ስግደት የለመደ ጉልበት ለዚህ አያንስም።

«ስንቱን ያለዚህ ሁሉ አሳድገናል» የሚለው ቀጣዩ ተቃውሞ ከልምድ የሚነሣ ስለሆነ ክብደት አለው። ነገር ግን ስለ አስተዳደጋችን የሚመሰክሩልን የተረፉት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ያልተረፉት ከማዕዱ ዙሪያ የሉም። በአገራችን በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ልጆች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 166 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። አብዛኛው በበሽታ ነው፤ ቢሆንም ለውጡን ያመጣው ሰው ቀድሞ «የታዘዘ» ይለው የነበረውን ሞት መከላከል መማሩ ነው። ልምድ የሚሳሳተው ደግሞ በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወላጆች ያነበቡት የሕፃን አያያዝ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1958 እትሙ ልጅን በሆዱ ማስተኛትን ይመክር ነበር። በኋላ በጀርባው ማስተኛት እንደሚሻል ታወቀ፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ምክር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሰፊው ሲነገር በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት በዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሱ። የተማረ ሐኪም እንዲህ ከታረመ አያት «ድሮ ለልጅ ማር እናልስ ነበር፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው መርዝ ሊሆንበት ይችላል ተባልን፤ ተውነው» ብትል ምንም ክብር አይጎድልባትም።

የክብር ነገር ከተነሣ፣ ብዙ ጊዜ ጠቡን የሚያመጣው በረኪናው ሳይሆን የተነገረበት ቃል ነው። ቤቱ የአያት ነው። ምራት ወይም ልጅ ገና ከደጅ ሳትገባ ዓይኗን በየጥጉ ስታዞር፣ «እማዬ ይሄ ምንድን ነው?» እያለች ዕቃ ስታነሣ፣ ያቺ እናት የሰማችው «እኔን በምን አሳደግሽኝ?» የሚል ክስ ነው። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ በዚህች ሰዓት አይሻርም። ነገሩ ቀደም ብሎ፣ በስልክ፣ በምክር ጠያቂነት ሊነሣ ይችላል፦ «እማዬ፣ አሁን ሁሉን ወደ አፉ ነው የሚወስደው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይህ ማታለያ አይደለም፤ ቤቱን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለምና የየትኛው ጠርሙስ ሆድ ምን እንደያዘ የምታውቀው እሷ ናት። አብርሃም በመምሬ እንግዶቹን ሲቀበል የሮጠው፣ ጥጃውን የመረጠው ራሱ ነው፤ የመቀበል ክብር የባለቤቱ ነው። የሕፃኑም ቤት በአያቱ እጅ ሲዘጋጅ እንጂ በእንግዳ ዓይን ሲፈተሽ አያምርም።

ልጅ ሳይወድቅ አይጎለምስም የሚለውን በከፊል እቀበላለሁ። ከትራስ ላይ ይውደቅ፣ ሎሚ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድ፣ የበሩን ደፍ ሲሻገር ይደናቀፍ፤ ከእነዚህ ይማራል። ከፈላ ጀበና ግን የሚማረው ነገር የለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ጥንቃቄ ግዴታ ነው ካልን፣ ልጁ የተጎዳበትን አያት በደለኛ እያልን ነው? በሉቃስ ወንጌል የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በገደለ ጊዜ ጌታ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። ከደረሰው መከራ ተነሥቶ የሰውን ልብ መፍረድ ተከልክሏል። ተጠንቅቆም የሚደርስ አለ፤ ለአፍታ ዓይን የሚሰርቅ አለ፤ ያዘነችን አያት «እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ» ማለት ቁስል ላይ እሳት መጨመር ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስለ ባልዲው አናነሣም። ባልዲው የሚነሣው ዛሬ፣ ሕፃኑ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው።