አንድ ስም፣ አንድ ሕግ፦ ክምችት ምን ቃል ይገባል?

ብዙ ነገሮችን በአንድ ላይ ይዘን «እነዚህ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል፤ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚነድፍ ሰው ግን ሳይመልሰው አያልፍም። ዝርዝር አለ፤ ቅደም ተከተል ይጠብቃል፣ መደጋገምንም አይከለክልም። ስብስብ አለ፤ በሒሳብ ክፍል እንደተማርነው ቅደም ተከተል የለውም፣ አንዱን አባል ሁለት ጊዜ አይቆጥርም። መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ከአንድ ዋጋ ጋር ያጣምራል። ሦስቱም ክምችቶች ናቸው። ታዲያ አንድ የጋራ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ሁሉንም በተመሳሳይ ትእዛዝ የምናሠራበት ውል፣ ይገባቸዋል? የሚገባቸው ከሆነስ በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄው በፈንክሽናል ቋንቋዎች ዘንድ ይከርራል። በእነዚህ ቋንቋዎች ክምችት አንዴ ከተሠራ አይለወጥም፤ አባል ሲጨመርበት የቀድሞው እንዳለ ይቆያል፣ ጭማሪውን የያዘ ሌላ ይፈጠራል። ሥራው ሁሉ አንዱን ክምችት ተቀብሎ ሌላ በሚመልስ ፈንክሽን ስለሚከናወን፣ ጸሐፊው ስለ ኮዱ የሚያስበው በአልጀብራ እኩልታ ላይ እንደሚያስብ ሰው ነው፤ ይህን በዚያ ይተካል፣ ሁለት እርምጃ የነበረውን በአንድ ያጠቃልላል። መተካት የሚቻለው ግን ሕጉ ሲታወቅ ብቻ ነው። ባርባራ ሊስኮቭና ስቲቨን ዚልስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የዳታ ዓይነት ማንነት የሚወሰነው በውስጥ አሠራሩ ሳይሆን በላዩ ላይ በሚፈጸሙት ሥራዎች መሆኑን አስረድተዋል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ የሥራዎቹ ስም ብቻውን ማንነትን አይሰጥም፤ ማንነትን የሚሰጠው ሥራዎቹ የሚያከብሩት ሕግ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። በአባያ ሐይቅ ዙሪያ ሙዝ ከሚያመርቱት ቀበሌዎች፣ ላንቴ ይሁን ጫኖ፣ ሦስት ገበሬዎች ለማኅበራቸው ምርት አስረከቡ እንበል። የመጀመሪያው 80 ኪሎ፣ ሁለተኛዋ 120፣ ሦስተኛው ደግሞ 80። የማኅበሩ ሶፍትዌር ገበሬዎቹን የያዘው በስብስብ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ታስቦ ነውና ምርጫው ተገቢ ነው። አሁን ጠቅላላው ተፈለገ። ፕሮግራም ጸሐፊው በለመደው መንገድ «ማፕ» በተባለው ፈንክሽን እያንዳንዱን ገበሬ ባስረከበው ኪሎ ይተካል፣ ከዚያም ይደምራል። ክምችቱ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ 80፣ 120፣ 80 ይወጣና ድምሩ 280 ይሆን ነበር። ስብስብ በመሆኑ ግን የሚመለሰውም ስብስብ ነው፤ ስብስብ ደግሞ 80ን ሁለቴ አይዝም። የሚቀሩት 80 እና 120 ናቸው፣ ድምራቸውም 200። ወደ አዲስ አበባ የተጫነው ሙዝ 280 ኪሎ ነው፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የአንድ ገበሬ ልፋት ከነጭራሹ የለም። ማስጠንቀቂያ አልወጣም፣ ፕሮግራሙም አልቆመም። እርምጃዎቹ ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የለባቸውም።

ታዲያ ምን ተበላሸ? «ማፕ» የሚለው ስም በጸሐፊው ልብ ውስጥ አንድ ሕግ ይዞ ይመጣል፦ አባላቱ ይለወጣሉ፣ ቁጥራቸው ግን አይነካም። ይህ የዝርዝር ሕግ ነው፤ ስብስብ ሊያከብረው አይችልም። ስካላ ለሁለቱም አንዱን ስም ይሰጣል፤ የሙዙ ስህተት በዚህ ቋንቋ ያለ ምንም ተቃውሞ ይጻፋል። ሃስኬል ግን ስብስብን «ፈንክተር» ከተባለው የጋራ ውል ውጭ አስቀርቶታል፤ ውሉ ማንኛውንም ዓይነት አባል ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልን ሲጠይቅ፣ ስብስብ ግን እርስ በርስ ሊነጻጸሩ የማይችሉ አባላትን ማስገባት አይችልም። በሃስኬልም ስብስብን ማፕ ማድረግ ይቻላል፤ የስብስቡን የራሱን ማፕ ለይቶ መጥራት ግን ግዴታ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ እንደ ሐቀኝነት አየዋለሁ።

ከዚህ ሥር የማንነት ጥያቄ አለ። ዝርዝር ከአባላቱ የሚጠይቀው ነገር የለም። ስብስብ ግን «ቀድሞ ከገባው ጋር አንድ ነህ ወይስ ሌላ?» ሳይል ማንንም አያስገባም። ጣሊያናዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አባያ ሲደርስ ሐይቁን በሀገሩ ንግሥት ስም ማርጋሪታ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በአውሮፓውያን ካርታዎች ላይ ቆይቷል። ከድሮና ከዛሬ ካርታዎች የሐይቅ ስሞችን የሚሰበስብ ፕሮግራም አንዱን ውኃ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892 የንጋት ኮከብና የምሽት ኮከብ የሚሉት ስሞች፣ ሁለቱም ቬነስን እየጠሩ፣ ለምን የተለየ ትርጉም እንደሚይዙ ሲመረምር የነበረው ይህንኑ ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ዕለታዊ ነው። ሀዋሳም ሐዋሳም ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ግን ሀ እና ሐ የየራሳቸውን ቁጥር ስለያዙ ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። በተቃራኒው፣ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች በስም በተሠራ ስብስብ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። ፋይዳ መታወቂያ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ልዩ ቁጥር መስጠቱ በከፊል ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

መልስ የማይገኝለትም አለ። በፈንክሽናል ቋንቋ ፈንክሽን ራሱ እንደ ቁጥርና እንደ ስም በክምችት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለት ፈንክሽኖች ለማንኛውም ግብዓት ምንጊዜም አንድ ዓይነት መልስ እንደሚሰጡ በአጠቃላይ የሚወስን ስልት ግን የለም፤ ይህ የተረጋገጠ የሒሳብ ውጤት ነው። ስለዚህ የፈንክሽኖች ዝርዝር አለ፤ የፈንክሽኖች ስብስብ፣ ስብስብ በሚለው ቃል ሙሉ ትርጉም፣ ሊኖር አይችልም። «ይህ አባል በውስጥህ አለ?» የሚለው ተራ የሚመስል ጥያቄ እንኳ ለሁሉም ክምችት የሚቀርብ አይደለም ማለት ነው።

«ስንት ናችሁ?» የሚለውም እንዲሁ። ሃስኬል እስኪፈለጉ ድረስ የማይሰሉ፣ ማብቂያ የሌላቸው ዝርዝሮችን ይፈቅዳል። ለከተማችን ለአርባ ምንጭ ስሟን የሰጡት ምንጮች እንዲህ ናቸው፤ ከምንጩ አንድ ጀሪካን ቅዳ ማለት ያስኬዳል፣ ምንጩ በሙሉ ስንት ጀሪካን ይሆናል ማለት ግን ማብቂያ የሌለው ሥራ ማዘዝ ነው። ሆኖም ርዝመት የሚጠይቀው ትእዛዝ ማብቂያ ላለውም ለሌለውም ዝርዝር ክፍት ነው። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሃስኬል ኮምፓይለር የጂኤችሲ 7.10 እትም ይህንና ሌሎች ትእዛዞችን ከዝርዝር አልፎ ለብዙ ዓይነት መያዣ አዳረሳቸው። በዚህም የተነሳ 80 እና 120ን ያጣመረ ጥንድ «ርዝመትህ ስንት ነው?» ሲባል 1 ይላል፣ «ድምርህስ?» ሲባል 120 ይላል። ምክንያት አለው፦ ውሉ ጥንዱን የሚያየው ሁለተኛውን አባል ብቻ እንደያዘ ዕቃ ነው፣ የመጀመሪያው እንደ መለያ ምልክት ይቆጠራል። ሕጉ አልተጣሰም። ሰው በስሙ የተረዳው ነገር ግን ተጥሷል።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ማቃለል አይገባም። የጋራ ውል ባይኖር ኖሮ አንዱን የመደመር ሥራ ለዝርዝር፣ ለስብስብ፣ ለመዝገብና ለዛፍ እየደጋገምን እንጽፍ ነበር፤ አዲስ ክምችት በተፈጠረ ቁጥርም ሁሉም ከዜሮ ይጀመር ነበር። አባላቱን በየተራ አንሥቶ አንድ መልስ የሚያወጣው «ፎልድ» ለሁሉም አንዴ መጻፉ የፈንክሽናል አስተሳሰብ ትልቅ ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የክሎጀር ቋንቋም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። «ኮንጅ» የተባለው ፈንክሽኑ አባል ይጨምራል፤ የት እንደሚጨምር ግን ክምችቱ ይወስናል። ከዝዋይ እስከ ጫሞ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በዝርዝር ይዘን ጨው ባሕርን ብንጨምር ከዝዋይ በፊት ይገባል፤ ቬክተር በተባለው ሌላ ቅደም ተከተል ጠባቂ ክምችት ይዘናቸው ከሆነ ከጫሞ በኋላ። እዚህ ላይ ስሙ የሚገባው ቃል ትንሽ ነው፦ አባሉ ይኖራል፣ ቦታውም ለዚያ ክምችት ቀላሉ ቦታ ይሆናል። ቃሉ ትንሽ ይሁን እንጂ በግልጽ ተጽፏል፣ ይከበራልም።

ብዙ ቃል መግባት ግን ያስከፍላል። የማርቲን ኦደርስኪ ቋንቋ ስካላ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 2.8 እትሙ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለየክምችቱ ተስማሚውን ዓይነት እንዲመልስ የሚያደርግ ረቂቅ ሥርዓት አስገባ። ሥርዓቱ ሠርቷል። የማፕ መግለጫ ግን ጀማሪ አይቶ የማይረዳው የተወሳሰበ ጽሑፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 2.13 እትም ያንን ዘዴ አስወግዶ ወደ ቀለለ ውል ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የምይዘው አቋም ይህ ነው። ኢንተርፌስ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚመጣው «እነዚህ ነገሮች ምን ያመሳስላቸዋል?» የሚለው ጥያቄ መሆን የለበትም፤ ሲያዩት የሚመሳሰል ነገር ሞልቷል። መጀመሪያ የሚመጣው «ስሙን የሚያነብ ሰው ምን ብሎ ይተማመናል? ውሉን የፈረሙት ክምችቶች ሁሉ ያንን እምነት ይጠብቃሉ?» የሚለው ነው። መቁጠር የሚችሉት ለመቁጠር፣ ቅደም ተከተል ያላቸው ለቅደም ተከተል፣ ማንነትን መለየት የሚችሉት ለመለየት፣ እያንዳንዱ የየራሱ ትንሽ ውል ይኑረው፤ አንድ ክምችት የቻለውን ያህል ውል ይፈርም። ሕጉ ሲለያይ ስሙም ይለይ፣ ጸሐፊው ጥቂት ፊደል ቢጨምርም። ያ ጥቂት ፊደል የሚያስወጣው ድካም የጸሐፊው ነው፤ በሐሰት አንድ የሆነ ስም የሚያስከትለው ጉዳት ግን የሚያርፈው ኮዱን ፈጽሞ በማያየው ሰው ላይ ነው። ነዳፊ ሊያስብለት የሚገባውም ከሁሉ በፊት ይህንን ሰው ነው።