ስለ ነጩ ድብና ስለ ዐይን ንጽሕና

በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖረውን ነጩን ድብ በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ነገር ግን ያ ሥዕል በምን ያህል ድካምና ትዕግሥት እንደሚገኝ የሚያስብ፥ ከሥዕሉም በስተኋላ ለነፍስ የሚሆን ትምህርት እንዳለ የሚመረምር ብዙ አይደለም። እግዚአብሔር በኢዮብ መጽሐፍ ስለ በረዶ መዝገብና ስለ ምድረ በዳ አራዊት ጻድቁን መጠየቁ፥ ሰው በማይኖርበት ስፍራ የሚደረገውም ነገር በእርሱ ዘንድ የተቈጠረ መሆኑን ሲያስተምረን ነውና፥ የሩቅ አገር አውሬ ነገር ለእኔ ምኔ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም።

ከኖርዌይ በስተሰሜን ስቫልባርድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ዋናዪቱ ከተማቸው ሎንግየርቢን በሰሜን ኬክሮስ 78 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ደግሞ አትወጣም። እኛ በረዶ የምንለው ከደመና የሚወርደውን ነው፤ በዚያ ግን ባሕሩ ራሱ ከብርዱ ጽናት የተነሣ ረግቶ እንደ ምድር ይረገጣል።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ሌሊት በሌለበት ወራት ከሎንግየርቢን በመርከብ ተነሥተው፥ ግግሩ በረዶ ወዳለበት ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። ተራ ገብተው፥ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከዐይናቸው ሳይለዩ፥ በነጭ በረዶ ላይ ነጭ አውሬ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜም ድብ መስሎ የታያቸው የበረዶ ክምር ሆኖ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ ቆመው ምንም ሳያዩ የሚመለሱበት ጊዜ አለ። አውሬው በተገኘ ጊዜም መርከቡ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰዎቹም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ብዙ ገንዘብ የከፈለ ባለጸጋም ቢሆን ድቡን ና ብሎ ሊያዝዘው አይችልም።

ድቡም ራሱ ታጋሽ ነው። በዕለተ ዓርብ ከተፈጠሩት ከምድር አራዊት ወገን ሲሆን፥ ማዕዱ የተዘረጋለት ግን በባሕር ላይ ነው። ዋና ምግቡ አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው። አቆስጣ ለመተንፈስ በግግሩ በረዶ ውስጥ ወዳለው ቀዳዳ ብቅ ይላልና፥ ድቡ በቀዳዳው አጠገብ ለብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ትልቁ ወንድ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከዚህ ኃይሉ ጋር ግን ያለ ትዕግሥት አይበላም። እናቲቱም በበረዶ ውስጥ ጕድጓድ ቈፍራ፥ ለብዙ ወራት ምንም ሳትበላ ግልገሎቿን ወልዳ ታጠባለች። የድቡ ቈዳ ጥቁር ነው፤ ጠጕሩም የራሱ ቀለም የለውም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ብርሃኑን ስለሚመልስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቅዱሳንም እንዲሁ ናቸው፤ የሚያበሩት ከራሳቸው ባገኙት ሳይሆን በተቀበሉት ብርሃን ነው።

ቀድሞ ወደ እነዚያ ደሴቶች ይሄድ የነበረው ሰው የሚይዘው ጠመንጃና ወጥመድ ነበር፤ ቈዳውንም ይሸጥ ነበር። የአውሬው ቍጥር ስለ መነመነ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ካናዳ፥ ዴንማርክ፥ ኖርዌይ፥ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ነጩን ድብ ለመጠበቅ በኦስሎ ከተማ ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት በስቫልባርድ ድብ ማደን ተከለከለ። ስለዚህ የዛሬው መንገደኛ ድቡን ለመግደል ሳይሆን ለማየት ይሄዳል። ይህ መልካም ለውጥ ነው። ነገር ግን ማየት ብቻ ከሆነ ምን ጕዳት አለው የምንል እንደ ሆነ፥ የሚከተለውን እናስተውል።

በሐምሌ 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018፥ በስቫልባርድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሉት ሰባቱ ደሴቶች አንዲት የጐብኚዎች መርከብ ደረሰች። ተሳፋሪዎቹ ሳይወርዱ ስፍራውን ሊመረምሩ ከቀደሙት ጠባቂዎች አንዱን፥ ያላዩት ድብ ደርሶ ራሱን አቈሰለው። ሊያባርሩት ሞክረው ስላልሆነላቸው ባልንጀሮቹ ተኵሰው ድቡን ገደሉት፤ ሰውየውም ዳነ። የባልንጀራቸውን ነፍስ ያዳኑትን ሰዎች አንነቅፍም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ወደዚያ የሄደው አራዊቱን በሕይወታቸው ሊያይ ሲሆን፥ ድቡ በገዛ ስፍራው ሞተ። በእርግጥ ያለ ክፋት የተጀመረ ነገር ሁሉ ያለ ጕዳት አይፈጸምም።

ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የጸናው የስቫልባርድ ሕግ ማንም ሰው ወደ ድብ ከ300 ሜትር ይልቅ እንዳይቀርብ፥ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜም ከ500 ሜትር እንዳይቀርብ ያዝዛል። በዚህ ሕግ ያዘኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች አሉ፤ ከዚያ ርቀት ድቡ ትንሽ ሆኖ ይታያልና። እኛ ግን ርቀቱን እንተርጕመው። ርቀቱ የፍርሃት ምሳሌ ነው፤ ኃይለኛ አውሬ ነውና። አንድም የፍቅር ምሳሌ ነው፤ የሚያጠባትን እናት ከማረፊያዋ ላለማስነሣት ነውና። አንድም የአምልኮ ምሳሌ ነው፤ ሙሴም ወደ ቍጥቋጦው ሲመጣ እንዳይቀርብና ጫማውን እንዲያወልቅ ታዝዟልና።

አዳም በገነት ሳለ አራዊት በፊቱ ባለፉ ጊዜ አያቸው፤ ስም አወጣላቸው፤ ከዚያም አሰናበታቸው። ከእነርሱ አንዱን ስንኳ ለራሱ ይዞ አላስቀረም። ይህ ንጹሕ ማየት ነው። በኋላ ግን በዕፀ በለስ ዘንድ ዐይን አየ፤ ልብ ተመኘ፤ እጅም ተዘረጋ። ዳዊትም በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ዐይኑን ባለመግታቱ ወደ ኦርዮ ሞት ደረሰ። እንግዲህ የማየት መመዘኛው፥ ያየነው ፍጥረት ካየነው በኋላ በስፍራው በሰላም ቀርቷልን የሚለው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። በአርክቲክ በየዓመቱ በጋው ሲያልቅ የሚተርፈው ግግር በረዶ ከ1979 ጀምሮ በሰማይ በሚዞሩ መሣሪያዎች ሲለካ፥ እያነሰ ሄዶ በ2012 እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተመዝግቧል። ምክንያቱ ሰው የሚያቃጥለው ከሰልና ዘይት ምድርን ማሞቁ ነው። ሎንግየርቢን ራሷ በ1906 የተመሠረተችው ለድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበር፤ የፎቶግራፍ አንሺዎቹም መርከብ ዘይት እያቃጠለች ትሄዳለች። በረዶው ቢጠፋ ድቡ አቆስጣውን የሚጠብቅበት ስፍራ አያገኝም። ስለዚህ ከሩቅ ቆሞ ድቡን ያልነካ ሰው ስንኳ፥ ማዕዱን ከበታቹ እንዳያነሣበት ሊያስብ ይገባዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ወደ ስቫልባርድ የማንሄድ እኛስ? በየእጃችን ካሜራ ያለበት ስልክ ይዘናል። የድኻውን ራቁትነት፥ የታማሚውን ጭንቀት፥ በለቅሶ ቤት የወደቀችውን እናት ፊት ሳናስፈቅድ እናነሣለን፤ በጥምቀት በዓልም ታቦቱን ለማንሣት የሚጸልየውን ሰው እንገፋለን። ለአውሬ 300 ሜትር ክብር ሲሰጥ፥ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረው ሰው የአንድ እርምጃ ክብር እንነፍገዋለንን? መልካም ፎቶግራፍ አንሺ ድቡ በርቀት ትንሽ ሆኖ ቢታየው እንኳ አመስግኖ ይመለሳል። እኛም ባልንጀራችንን ስናይ፥ የምናየው ልንረዳው ነው ወይስ ልንወስድበት ብለን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ልንረዳው ከሆነ ካሜራውን አስቀምጠን እንቅረብ፤ ልንወስድበት ከሆነ እንራቅ።

አራዊትን ከኖኅ ጋር በመርከብ ያሰበ አምላክ ዐይናችንን ከምኞት ይጠብቅልን፤ ፍጥረቱንም አይተን ፈጣሪውን የምናመሰግን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።